በግራ በኩል የቆመው ፍላሽ

«እማ፣ ሦስቱም በርተዋል?»

አርያም ዓይኗን ከካሜራዋ ትንሽ መስኮት ሳትነቅል ነበር የጠየቀችው። አምለሰት መልሱን አታውቀውም። ክፍሉ ባንዴ ነጭ ሲሆን ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ሦስት ይብራ፣ ሁለት ይብራ፣ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ልጇ ትጠብቃለች። ዐሥራ አራት ሰው ተደርድሮ ይጠብቃል።

«በርተዋል» አለች።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አምለሰት ግን ያመለጣት ነገር እንዳለ ያኔውኑ ታውቋት ነበር። ያላወቀችው ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ነው።

ነገሩ የሆነው ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ሩዋንዳ ሰፈር፣ አምለሰት ዘጠኝ ዓመት ምግብ ባበሰለችበት ገስት ሃውስ ውስጥ ነው። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሔዋን ወንድም እህቶቻቸውን ሁሉ ሰብስበው ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ገብረየስ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ከአውስትራሊያ መጥቶ በማግስቱ ይመለሳል። እናታቸው እማማ ወለተማርያም ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ልጆቻቸው እንዲህ ሙሉ ሆነው ሲያዩአቸው ከሃያ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አባታቸው በሕይወት ሳሉ የተነሡት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተሰቅሏል። ወይዘሮ ሔዋን ከጎኑ የሚሰቀል ፈልገው ነበር፤ እንደዚያው በፊልም የተነሣ።

«የስልኩንማ ማን መልሶ ያየዋል?» ይላሉ። «ሁሉም ይነሣል፣ ሁሉም ይረሳዋል።»

አምለሰት ይህን ስትሰማ እጇ ላይ ሽንኩርት እንደያዘች ወጥታ «የእኔ ልጅ በፊልም ታነሣለች» አለች። ወይዘሮ ሔዋን አመነቱ። አምለሰት ሦስት ቀን ለመነች። በሦስተኛው ቀን፣ «እሺ፣ ባንቺ ኃላፊነት ነው» አሏት። ለአርያም የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዋ ነበር።

ካሜራው የአባቷ የገብረዋሕድ ነው። ገብረዋሕድ ከአክሱም መጥቶ መገናኛ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት ከፍቶ፣ የሰው መታወቂያ ፎቶ ሲያነሣ ኖሮ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ሞተ። ለልጁ የተወላት ያን የሩሲያ ካሜራ ነው። እንደ ሌሎቹ በሌንሱ ውስጥ አያሳይም፤ ከላይ በጥግ በኩል የራሷ ትንሽ መስኮት አለችው። በመስኮቷ ሲያዩ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል። ቀለበቱን ሲያዞሩት ሁለቱ እየተጠጋጉ መጥተው አንድ ይሆናሉ፣ ያኔ ይነሣል። ሬንጅፋይንደር ይሉታል። ጠባዩ ብዙ ነው። ፊልሙን ሳያጠነጥኑ የፍጥነቱን ቁልፍ ካዞሩት ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ይሰበራል። ከፍላሽ ጋር ሲሆን ደግሞ የፍጥነቱን ቁልፍ ከሠላሳ ቁጥር በላይ ካዞሩት የፎቶው አንድ ጎን ይጨልማል፤ ውስጡ ያለችው የጨርቅ መጋረጃ ከጎን ወደ ጎን ስለምትሄድ ፍላሹ ሲበራ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ትሆናለች።

ይህን ሁሉ አምለሰት ታውቀው ነበር። ፊደል ሳትቆጥር በፊት ባሏን ስታግዝ ኖራለች። ገብረዋሕድ ለእሷ ብሎ አንድ ረጅም ሲባጎ ላይ በየእርምጃው ቋጠሮ አሰረላት። ከፍላሹ እስከ ሰዎቹ ድረስ ትዘረጋውና ቋጠሮውን ትቆጥራለች፤ እሱ በቋጠሮው ብዛት ሌንሱን ይከፍታል ወይም ይዘጋል። አርያምም በዚያው ሲባጎ ነው የምትሠራው። ጓደኞቿ ይስቁባታል፣ እሷ ግን «የአባዬ ገመድ ተሳስቶ አያውቅም» ትላለች።

የዚያን ቀን ፎቶው በአትክልቱ ቦታ ሊነሣ ታስቦ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ዝናቡ እንደ ነሐሴነቱ ወረደ። ሰው ሁሉ ወደ ሳሎን ገባ። ሳሎኑ ረጅምና ጠባብ ነው፣ በዝናብ ቀን ደግሞ ጨለማ። አርያም ሦስት ፍላሽ በሦስት ስታንድ አቆመች፦ አንዱን በቀኝ ነጭ ጃንጥላ አልብሳ፣ አንዱን ለመሀሉ፣ አንዱን በግራ በኩል ከመጋረጃው ጀርባ። የግራው ገብረየስን ከነሚስቱና ከነልጆቹ የሚያበራ ነው።

አምለሰት የምግቡን ነገር ወጥ ቤት አብራት ለምትሠራው ለሐሊማ ትታ ሲባጎዋን ይዛ ጎንበስ ቀና ትላለች። ሐሊማ በወጥ ቤቱ በር ብቅ አለች።

«ደግሞ ዛሬ መሬት ለኪ ሆንሽልን? ካርታ ልትሰጪን ነው?»

«አንቺ ዶሮውን ጠብቂ።»

«ዶሮውማ ከሞተ ቆየ፣ የት ይሄዳል?»

አርያም ሣቀች። «ስንት ነው እማ?»

«በቀኝ አራት። በግራ አራት ተኩል።»

«ግማሽ ቋጠሮ ከየት መጣ?»

«አባትሽ ሳይቋጥር የተዋት ናት።»

እያንዳንዱ ፍላሽ ሥር በአጭር ገመድ የተያያዘች ትሪገር የሚሏት ትንሽ ሳጥን አለች። ካሜራው አናት ላይ ያለችው እናትየዋ ሳጥን ስታዝዝ፣ ሦስቱ ባንድ ጊዜ ያበራሉ። አርያም ሰው ከመደርደሩ በፊት ሞከረችው። ሦስቱም በሩ። ከዚያ እናቷን ወደ ጎን ወሰደቻት።

«እማ፣ የግራው መጋረጃ ውስጥ ስለሆነ እኔ በመስኮቷ አላየውም። አንቺ አጠገቡ ቁሚልኝ። ሲበራ ጀርባው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ትጠፋለች፣ ከዚያ ጢ... እያለ መሙላት ይጀምራል። እሱን ብቻ እያየሽ ንገሪኝ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

ዕድሜዋን ሙሉ ገባኝ ስትል ኖራለች። ቀበሌ ወረቀት ሲዘረጉላት ገባኝ፣ ሆስፒታል የመድኃኒት አወሳሰድ ሲነግሯት ገባኝ፣ የአርያም አስተማሪ የትምህርት ውጤቷን ሲያሳያት እንዳነበበ ሰው ወረቀቱን ትኩር ብላ አይታ፣ ገባኝ። አሁን የጎልማሶች ትምህርት ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። የአውቶቡስ ታፔላ ታነባለች፣ ስሟን ትጽፋለች። አንገቷ ግን የድሮ ልማዱን አልተወም፤ ሰው ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ይነቀነቃል።

አርያም ፊልም ልትከት ወደ ጓዳ ገባች። እማማ ወለተማርያም መሀል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና ከተደረጉ አራት ወር አልሆናቸውም።

«አምለሰት ልጄ፣ ያ በግራ ያለው ነገር ዓይኔን ይወጋኛል» አሉ። «ቅድም ሲሞከር እንባዬ ነው የመጣው።»

«አይዞዎት እማማ፣ አሁን ፈቀቅ አደርገዋለሁ።»

ስታንዱን ጎትታ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ወሰደችው፣ አንገቱንም ጥቂት አዞረችው። የስታንዱ እግር መጋረጃው ሥር ተያዘባትና ሳብ አደረገችው። «እንዲህ ይሻላል?» አለች። «ተባረኪ» አሏት። አርያም ስትመለስ አልነገረቻትም። አንድ ክንድ ምን አላት? ደግሞ ወይዘሮ ሔዋን ሰዓታቸውን ማየት ጀምረው ነበር፣ ገብረየስም «ሻንጣ ገና አልዘጋንም» ይላል። ሥራውን ያዘገየች እንዳትመስል ፈራች።

አርያም ስምንት ጊዜ አነሣች። የጠየቀችው በመጀመሪያው ብቻ ነው። አምለሰት ከዚያ በኋላ ዓይኗን ለመክፈት ሞክራለች፣ እግዜር ያውቃል። በሁለተኛው «አሁን አልጨፍንም» ብላ ጣቶቿን ጨበጠች፤ ዓይኗ በራሱ ተጨፈነ። በሦስተኛው የገብረየስ ትንሹ ልጅ ዞረና እሱን «ወደፊት፣ ወደፊት» ስትለው አለፋት። በአምስተኛው ከፍታ ነበር፣ ግን ከፊቷ ያለው ሁሉ ነጭ ስለሆነ የትኛው እንደበራ አለየችም። ቀዩዋን መብራት ማየት እንዳለባት ትዝ ያላት ሁሉም ካለቀና ሰዎቹ ወደ ማዕዱ ካለፉ በኋላ ነው። መብራቷ በርታለች። «ሞልቶ ይሆናል» አለች በልቧ። ጢ የሚል ድምፅ ግን ከጎኗ ሰምታ እንደሆነ ማስታወስ አቃታት።

ዕቃ ስትሰበስብ የግራው ፍላሽ አጭሯ ገመድ ከትሪገሩ ወልቃ ተንጠልጥላ አገኘቻት። «አሁን እኔ ሳነሣው ይሆናል የወለቀው» ብላ ጠቅልላ ቦርሳው ውስጥ ከተተቻት።

አርያም ፊልሙን ያጠበችው በሦስተኛው ቀን፣ መገናኛ ጀርባ በተከራዩት ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ስትገባ ትዘፍን ነበር። ስትወጣ እርጥቡን ፊልም መስኮቱ ላይ አንጠልጥላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ግራው የለም» አለች።

«ምን ማለት ነው የለም?»

«የለም ማለት የለም ነው። ስምንቱም ላይ። ጋሽ ገብረየስ የለም፣ ሚስቱ የለችም፣ ልጆቹ የሉም። ከእማማ ትከሻ ጀምሮ እየጨለመ ይሄዳል።» ዘወር አለች። «እማ፣ ያ የግራው በርቷል አይደል?»

አምለሰት ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«ነግሬሽ የለ እንዴ?» አለች።

«አዎ፣ ነግረሽኛል። ይቅርታ። እንግዲያው ካሜራው ነው።»

ልጅቷ የጠረጠረችው ከእውነት የራቀ አልነበረም። የዚያ ካሜራ መጋረጃ ሲያረጅ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መንገዱን ሳይጨርስ ፍላሹ ይቀድመውና ባንድ በኩል ያለውን ሰው ይሸፍነዋል። ሦስቱ ፍላሽ ከበሩ ደግሞ ሌላ የሚጠረጠር ነገር የለም።

ፎቶውን ሊያስረክቡ አብረው ሄዱ። አርያም የተሻለውን መርጣ አሳትማ ነበር። ወይዘሮ ሔዋን ፎቶውን ይዘው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

«ገብረየስ የት አለ?»

«ጥፋቱ የካሜራዬ ነው ወይዘሮ ሔዋን» አለች አርያም። «መጋረጃው አርጅቷል። አስቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምንም አይደል የኔ ልጅ» አሉ ወይዘሮ ሔዋን። ምንም አይደል ያሉበት ድምፅ ግን በር የሚዘጋ ድምፅ ነው። «የሌላ ሰው ሥራ ስትይዢ ግን ደህና ዕቃ ያዢ። ወንድሜን መልሼ ከአውስትራሊያ አላስመጣው።»

እማማ ወለተማርያም እጃቸውን ዘረጉ። ፎቶውን ጭናቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ፊት ለፊት እየዳሰሱ ቆጠሩ። ከራሳቸው ምስል አልፈው ወደ ጥቁሩ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ዓይኔ ሕመሙ ተመለሰበት ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሐኪሙ ድኗል ብሎኝ ነበር። ገብረየስን አላየውም።»

«ዓይንዎ አይደለም እማማ፣ ፎቶው ነው» አሏቸው ልጃቸው።

«ተይ፣ አታጽናኚኝ።»

አምለሰት በሩ ጋ ቆማ ነበር። አርያም አንገቷን ደፍታ ቦርሳዋን ታስተካክላለች። አምለሰት አፏን ከፈተች፣ ወይዘሮ ሔዋን ወደ እሷ ዞሩ፣ መልሳ ዘጋችው። ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ቤት ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ አለች። ነገ ሲመጣ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያለውን ነገ ትጠብቅ ጀመር።

በሳምንቱ አርያም ካሜራውን ይዛ መገናኛ፣ አንድ የገበያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ወደ ጋሽ ተስፋማርያም ሄደች። ጋሽ ተስፋማርያም ሬዲዮና ካሜራ ይጠግናሉ፣ የገብረዋሕድ የልብ ጓደኛ ነበሩ። አምለሰት አብራት ሄደች። እነግራቸዋለሁ፣ እዚያ እናገራለሁ ብላ ነው የሄደችው።

«አርያም ገብረዋሕድ» አሉ ሰውየው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እየሰቀሉ። «አባትሽ ይህን ካሜራ ካንቺ አስበልጦ ነበር የሚያቅፈው። እናትሽን ጠይቂያት።»

«እኔንስ መቼ አቀፈኝ?» አለች አምለሰት። ቀልዱ ከአፏ ወጣ እንጂ ከልቧ አልነበረም።

ጋሽ ተስፋማርያም የካሜራውን ጀርባ ከፍተው ፊት ለፊቱ ፍላሽ እያበሩ በውስጡ አዩ። ዐሥር ጊዜ፣ ዐሥራ አምስት ጊዜ።

«ዛሬ ደህና ነው» አሉ። «ግን ያረጀ ጨርቅ እንደ እኔ ነው፤ ባንዱ ቀን ደረጃ ይወጣል፣ ባንዱ ቀን ወገቤን ይላል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ያን ቀን ሦስቱም ፍላሾች በርተው ነበር?»

«በርተው ነበር» አለች አርያም። «የግራው አጠገብ እማዬ ነበረች።»

ሰውየው ከጠረጴዛው ላይ ትሪገሯን አነሡና አጭሯን ገመድ በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ምክንያቱም ይህች ገመድ ወልቃ ቢሆን ኖሮ ፍላሹ አይበራም፣ ፎቶውም እንዲሁ ነው የሚሆነው። ካሜራው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።» ቀና አሉ። «አምለሰት፣ ሲበራ በዓይንሽ አይተሻል?»

ያቺ ገመድ እንዴት ተንጠልጥላ እንዳገኘቻት ባንዴ መጣባት። መጋረጃው ሥር የተያዘው የስታንዱ እግር፣ ሳብ ያደረገችው እጇ፣ ያልሰማችው ጢ የሚል ድምፅ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ትጠረጥር ነበር፣ አሁን ግን አወቀች። ሁለቱ ሰዎች ያዩአታል። አንዲት ቃል ናት፤ «አላየሁም» ብትል ካሜራው ይድናል። ነገር ግን ያቺ ቃል ብቻዋን አትወጣም። «ታዲያ ለምን አየሁ አልሽ?» ይመጣል። ልጇ በወይዘሮ ሔዋን ፊት አንገቷን የደፋችበት ቀን ይመጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተሯን አይታ «እማዬ ጎበዝ» ስትላት የኖረች ልጅ፣ እናቴ ዛሬም የማታውቀውን አወቅሁ የምትል ሰው ናት ትላለች።

«አይቻለሁ» አለች።

ጋሽ ተስፋማርያም የካሜራውን ጀርባ ዘጉ። «እንግዲያው መጋረጃው ነው። መለዋወጫው የለም። አንድ ጊዜ የከዳ ደግሞ ይከዳል። በሰው ሠርግ ላይ ቢከዳሽ ምን ልትዪ ነው?»

አርያም ለመስከረም የያዘቻቸውን ሁለት ሠርጎች ደውላ ሰረዘች። ለሙሽሮቹ ሌላ ሰው ፈለገችላቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ ፊልም አላወራችም። አምለሰት በየቀኑ ጠዋት «ዛሬ» እያለች ትነሣለች። አርያም ስትመጣ ደክሟታል ትላለች፣ ካልደከማት ደስ ብሏታል፣ ደስታዋን አላበላሽም ትላለች። እንዲህ እያለች ዐሥራ ሁለት ቀን ሄደ።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ከትምህርት ስትመለስ የካሜራው ቦታ ባዶ ነበር።

«ሸጥኩት» አለች አርያም። «አትላስ አካባቢ ባር ያለው ቢሩክ የሚባል ልጅ አለ፣ አሮጌ ዕቃ ይሰበስባል። እዚህ ተቀምጦ ሳየው አባዬን ያሳፈርኩት ይመስለኛል እማ። አልቻልኩም።»

አምለሰት ያን ሌሊት አልተኛችም። በማግስቱ ከሥራ አስፈቅዳ አራት ሰዓት ላይ አትላስ ደረሰች። ባሩ ገና እየተጠረገ ነው፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። ቢሩክ ጸጉሩን በላስቲክ ያሰረ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ወጣት ነው።

«ማዘር፣ ገና አልከፈትንም። ሻይ ግን አለ፣ ይቀመጡ።»

«ሻይ አልፈልግም ልጄ። ልጄ የሸጠችልህን ካሜራ ልወስድ ነው የመጣሁ። የከፈልከውን እመልሳለሁ።»

«የአርያም እናት ነዎት? ኧረ እንኳን ደህና መጡ። ያውና እኮ፣ ይዩዋት፣ እንዴት እንዳማረባት።»

ከመጠጥ መደርደሪያው በላይ ረጅም ጣውላ ተሰቅሏል። ጣውላው ላይ የእጅ ስልክ ሳይመጣ የነበረ ጥቁር ስልክ፣ የጽሕፈት መኪና፣ የከሰል ካውያ፣ ሁለት ሬዲዮ፤ ከነሱ መሀል የገብረዋሕድ ካሜራ።

«አውርድልኝ።»

«ማዘር፣ እሱ ይከብዳል። ሰው ሞቅ ሲለው እያወረደ ወሰደብኝ። አንድ ሰዓት ጠፋብኝ፣ አንድ ሬዲዮ ጠፋብኝ። ሁሉንም በኤፖክሲ ነው ያጣበቅናቸው። እሷንም ትናንት።»

መሰላል አመጣላት። አምለሰት ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። ካሜራውን በሁለት እጇ ያዘችው፣ አልነቃነቅ አለ። ማጣበቂያው ከሥሩ ሞልቶ ፈስሶ በጎኑ ወጥቷል፣ በስፌቱም ገብቷል። የማጠንጠኛውን ቁልፍ ሞከረች። ባሏ ሰባት ሺህ ጊዜ ሲያዞረው የምታውቀው ቁልፍ፣ አልዞርም አለ። ሌንሱም ደረቅ ብሏል።

«ብንነቅለው ይሰበራል ማዘር፣ እውነቴን ነው» አለ ቢሩክ ከታች መሰላሉን ይዞ። የሚያጽናናበት ነገር ፈልጎ ያጣ ይመስላል፣ «ከፈለጉ አጠገቡ ሆነው ፎቶ ላንሣዎት?» አለ ስልኩን እያወጣ።

«ይቅር ልጄ» አለችው።

አርያም የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤት ነበረች። ሐዋሳ ያለ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ድርጅት እንደሚቀጥረኝ ነግሮኛል እያለች ሰንብታ ነበር፤ እሺ ልበል አልበል እያለች። አምለሰት ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የግራው ፍላሽ ገመዱ ወልቆ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«ያን ቀን። እማማ ዓይኔን ወጋኝ ሲሉ ስታንዱን የጎተትኩት እኔ ነኝ። ስንሰበስብ ወልቆ አገኘሁት።»

አርያም የያዘችውን ስልክ አስቀመጠች። «በርቷል አልሽኝ እኮ።»

«አላየሁም ነበር። ጨፍኜ ነበር።»

«ጋሽ ተስፋማርያም ሲጠይቁሽስ?»

አምለሰት የነጠላዋን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች።

«እማ፣ ሰዎቹ እዚያው ቆመው ነበር እኮ» አለች አርያም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አላየሁም ብትዪኝ ገመዱን ሰክቼ ደግሜ አነሣው ነበር። አንድ ደቂቃ ነው። ማንም አይቆጣሽም ነበር። አላየሁም ማለት ምን ያህል ያቅታል?»

ያቅታል፤ ሌላው ሰው በማያውቀው መጠን ያቅታል፤ ግን እንዴት ብላ ታስረዳታለች? አምለሰት አትላስ ሄዳ እንደነበረና ካሜራው እንደተጣበቀ ነገረቻት። አርያም፣ «የአባዬ ካሜራ እንግዲህ ደህና ነበራ» አለችና ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች። የውጩ ቧንቧ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ አልተጣሉም። ቢጣሉ ይሻል ነበር። አርያም ሰላም ትላለች፣ እናቷ ያቀረበችውን ትበላለች፣ «እማ» ትላለች። ደብተሯን ግን «አምጪ ልየው» ማለት ተወች። አምለሰት ለወይዘሮ ሔዋንም እውነቱን ነገረቻቸው። እሳቸው፣ «ልጅቷ ምን አጥፍታ ነው እንዲያ የተናገርኳት?» አሉ። ከሥራ አላባረሯትም። እማማ ወለተማርያም ግን ዓይኔ ነው እንዳሉ ናቸው፤ ቢነገራቸውም አላመኑም።

የጎልማሶች ትምህርት መምህርቷ ሀይሚ አሁንም ትምህርቱን ስትጨርስ «ገባችሁ?» ትላለች። አምለሰት አንዳንድ ቀን «ይህቺ አልገባችኝም» ትላለች። አንዳንድ ቀን ግን አንገቷ ከሁሉ ቀድሞ ይነቀነቃል፣ ከነቀነቀች በኋላ ነው የሚታወቃት።

አርያም ለሐዋሳው ድርጅት እሺ አለች። ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ እናቷ ሥራ ላይ ሳለች ሳይሆን ቆማ እያየቻት፣ ሦስቱን ፍላሽና ልብሷን በሁለት ሻንጣ አድርጋ መገናኛ ላይ የሐዋሳ መኪና ተሳፈረች። አርያም ሄደች፣ አምለሰት ቀረች።